የሸጠ ወይስ የሰጠ

ሽማግሌው መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ጋር አስረዋል። ወረቀቱን ከፊታቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ እንደገና አራቁት። ከኩታበር በጠዋት ተነሥተው ነው ደሴ የገቡት። ባሕር ዛፋቸውን ለአንድ ነጋዴ ሊሸጡ ተስማምተው፣ ውሉን የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለችው ሱቄ ውስጥ አረፉ። ነጋዴው ቸኩሏል። ምስክሮቹ በር ላይ ቆመዋል። ሌሎች ሦስት ሰዎችም ተራ ይጠብቃሉ። እሳቸው ግን በአመልካች ጣታቸው ከፊደል ወደ ፊደል እየተሻገሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ገጹ ሊያልቅ ሲል ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ዛፌን የሸጥሁ ነኝ ወይስ የሰጠሁ?»

ወረቀቱን ተቀበልኋቸው። «አንደኛ ወገን ባሕር ዛፉን ለሁለተኛ ወገን የሰጠ መሆኑን» ይላል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ነጋዴው ነው፤ «እኔማ በደስታ እቀበላለሁ» አለ። አንዷን ፊደል አርሜ እንደገና አተምሁ፤ ፈረሙ፤ ሽማግሌው መርቀውኝ ወጡ። ስሕተት ስላስተካከለች ዳቦ እንደሚሰጣት ልጅ ሆኜ ምርቃቱን ተቀበልሁ።

ማታ ግን ሳቁ አልመለስልሽ አለኝ። ያንን መሥመር ከማተሜ በፊት ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያየሁት «የሸጠ» የሚል ነው። ፋይሉን ከፍቼ ገጹን በሙሉ ስክሪኑ ላይ አደረግሁት። ሰ ይሁን ሸ ማንም ሊለየው አይችልም፤ ግራጫ ነገር በሁለት እግሩ ቆሟል፣ በቃ። አጉልቼ ሳየው ነው ሰ መሆኑ የገባኝ።

መተየብ የተማርሁት በጽሕፈት መኪና ነው። በዚያ ጊዜ የመታሁት ፊደል እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀመጥ ነበር። የማየው ነገርና ባለጉዳዩ ይዞት የሚሄደው ነገር አንድ ነበሩ። ኮምፒውተር ሲመጣ በመካከላቸው መስኮት ገባ። መስኮቱ ንጹሕ ይሁን አይሁን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ዓይኔን ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን እያንኳኳ ነውና። ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወጣሁ፤ በእኛ አካባቢ ዓይን ሲያስቸግር መንገዱ ወደዚያ ነው። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ገባሁ። ሐኪሟ አስነበበችኝ፣ መብራት አበራችብኝ፣ በመጨረሻም «ዓይንሽ ደኅና ነው፤ ለዕድሜሽ እንዲያውም ጥሩ ነው» አለችኝ። «ለዕድሜሽ» የምትለዋን ቃል ባትጨምር ደስታዬ ሙሉ ይሆን ነበር።

ነገሩን የፈታው የእህቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ እኛ ጋ ነው የሚውለው። ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው እስኪደርስ ስለ ሽማግሌውና ስለ ዛፋቸው አወራሁላቸው። ልጁ ላፕቶፔን አምጥቶ ስክሪኑን ወደ ኋላ አስተኛው፤ ጣቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጠብታ ስክሪኑ ላይ አስቀመጠ።

«ኧረ ኤሌክትሪክ ነው!» አለች እናቴ።

«አይነካም፣ እማማ። አክስቴ፣ ነይ በጠብታዋ ውስጥ እይ።»

ጠብታዋ ማጉያ መነጽር ሆና ነበር። ነጭ ነው ብዬ ስጽፍበት የኖርሁት ገጽ ነጭ አልነበረም፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀጫጭን ዘንጎች እንደ ቡሉኮ ድርና ማግ ተሰድረዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲበሩ ዓይን ነጭ ይላቸዋል። ሦስቱ ዘንጎች አንድ ላይ አንድ ነጥብ ናቸው፤ ፒክስል የሚባለው ያ ነው። ልጁ ቆጠረልኝ፤ ማለቴ አባዛልኝ። በአግድም 1366፣ በቁመት 768፤ በጠቅላላው 1,049,088 ነጥብ። እናቴ ቁጥሩን ስትሰማ «ታዲያ ምን ጎደለ?» አለች። እኔም ያው ነው ያልሁት። ሚሊዮን እኮ ነው።

የጎደለውን ወረቀትና እርሳስ ይዞ አሳየኝ። ውል የምጽፍበት ፊደል መጠኑ 12 ነው፤ ቁመቱ የኢንች አንድ ስድስተኛ። አታሚዬ በአንድ ኢንች ውስጥ 600 ነጥብ ትረጫለች፤ ስለዚህ ለአንድ ፊደል ቁመት 100 ነጥብ ታወጣለች። ስክሪኑ ላይ ግን 768ቱ ነጥቦች ሁሉ የገጹ አይደሉም። ከላይ የመሣሪያዎቹ ረድፍ፣ ከታች የሰዓቱና የፕሮግራሞቹ ረድፍ ሲነሣለት ለገጹ የሚተርፈው 550 ገደማ ነው። ያንን በኤ4 ወረቀት ቁመት ብታካፍሉት ለአንድ ፊደል የሚደርሰው ስምንት ነጥብ ነው። ስምንት! በስምንት ነጥብ ውስጥ የሸ ራስ፣ የሸ ሰረዝና የሸ እግሮች ይከፋፈላሉ። ሰረዟ አንድ ነጥብ እንኳ ሳትሞላ ወደ ግራጫነት ትሟሟለች።

በላፕቶፔ ጥግ «ኤችዲ» የሚል የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ አለ። ከፍተኛ ጥራት ማለት ነው አሉኝ። ለፊልም ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ የመጣው ከድሮዎቹ ወፍራም ስክሪኖች ነው ይባላል፤ እነሱ 1024 በ768 ነበሩ፤ ቁመቱን እንዳለ ትተው ጎኑን እንደ ቴሌቪዥን 16 ለ9 እስኪሆን ሲለጥጡት 1366 ሆነ። ለሥዕል የሚለጠጥ ጎን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ወረቀት የሚቆመው በቁመቱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የገረመኝ ነገር ያለው እዚህ ነው። አማርኛ ፊደሉን የወረሰው ከግዕዝ ነው። ግዕዝ የሌሉት ድምፆች ግን አማርኛ አሉት፤ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጀ፣ ጨ፣ ዠ፣ ኸ። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች አዲስ ፊደል ከመፍጠር ይልቅ በነበረው ላይ ምልክት ጨመሩ። ከሰ ሸን፣ ከተ ቸን፣ ከነ ኘን፣ ከደ ጀን፣ ከጠ ጨን አወጡ። እንግዲህ አማርኛን በጽሑፍ አማርኛ ያደረጉት እነዚያ ጭረቶች ናቸው። የእኔ ስክሪን ደግሞ የበላው በትክክል እነሱን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ወደ ግዕዝ ስመለስ ኖሬአለሁ። ሒሳቡን «ጀመረ» እና ሒሳቡን «ደመረ» አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው። ሠርግ ላይ «የጨፈረ» ሰው በእኔ ስክሪን «የጠፈረ» ይሆናል፤ ይኼ እንኳ ፍርድ ቤት አያደርስም። ሸጠና ሰጠ ግን ያደርሳሉ።

አዲስ ላፕቶፕ ለምን አትገዢም የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ኪስ ነው፤ እሱን አላብራራም። ሁለተኛው፣ ይቺ ላፕቶፕ ተራ ዕቃ አይደለችም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴ በላስቲክ ጠቅልላ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረቻት። እኛ ወጥተን ስንመለስ የሱቁ በር ተሰብሮ፣ አታሚዋም ፎቶ ኮፒውም ጠፍተው ነበር። ጆንያው ግን እንደ ነበረ ነበር። ለወራት ከቁልፎቿ መሐል ጤፍ ስለቅም ከርሜአለሁ። ዛሬም ስገለብጣት አንድ ሁለት ፍሬ የምትጥል ይመስለኛል። እንዲህ ያለችውን በስክሪኗ ምክንያት አልጥላትም።

የእህቴ ልጅ «ስክሪኑ ብቻ ይቀየራል» ሲለኝ መኪና ገዝቶ መስታወቷን ብቻ እንደ መቀየር መሰለኝ። እውነትም እንደዚያው ነው። ፒያሳ አንድ ፎቅ ሥር ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ወጣት ጠጋኝ ጋ ይዟት ሄድሁ። እጀታዋ በክር የተጠመጠመች ካቻቢቴ አለችው፤ ካቻቢቴዋን ሳይ ነው ያመንሁት።

መጀመሪያ ባትሪውን አወጣ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ ያዘ። «ይኼን ያልጠበቀ ሰው ነው ማዘርቦርድ የሚያቃጥለው፣ እትዬ» አለኝ። ለስክሪኑ መብራት የሚሄደው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከላፕቶፗ ዋና ሰሌዳ ጋር በምታገናኘው ቀጭን ኬብል ነው፤ ኃይል እያለ ከነቀሏት አንዱ እግር ሌላውን ነክቶ ትንሿ ፊውዝ ትቃጠላለች፤ ከዚያ ወዲያ አዲስም ስክሪን ቢገጠም ጨለማ ነው። ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ በስክሪኑ ዙሪያ ያለውን የፕላስቲክ ክፈፍ እየፈለቀቀ አነሣው። እያንዳንዱ ጥርስ «ጧ» ሲል ልቤ አብሮ «ጧ» ይል ነበር። አራት ብሎን ፈትቶ ስክሪኑን በደረቱ ቁልፎቹ ላይ አስተኛው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት አነበበልኝ።

ያ ወረቀት መታወቂያ ነው። ላፕቶፑን የሸጠው ድርጅት ስም ሌላ፣ ስክሪኑን የሠራው ድርጅት ሌላ። ጠጋኙ የአንዱን አምራች ምስጢር ሲፈታልኝ እንደ ቅኔ ነበር። «ቢ 140 ኤክስቲኤን» ይላል የእኔ። 140 ማለት 14 ኢንች ነው። ኤክስ ካለ ነጥቡ ያ 1366 በ768 ነው፤ በእሱ ፈንታ ኤች ካለ 1920 በ1080። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ የክሪስታሉን ዓይነት ይናገራል። «እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው» አለኝ። «ኤችቲኤን የሚል ብትገዢ ጥርት ይልልሻል፤ ከጎን ስታይው ግን ያው የድሮው ነው። አንቺ የምትፈልጊው ኤችኤኤን የሚለውን ነው።»

ልዩነቱን አስቀድሜም አውቀው ነበር፤ ስሙን ነው የማላውቀው። ቲኤን በሚባለው ስክሪን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እየተጠማዘዘና እየቆመ ነው ብርሃኑን የሚያሳልፈውና የሚከለክለው፤ ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ካልተቀመጡ ቀለሙ ይገለበጣል፣ ነጩ ይጠቁራል። ኤኤን የሚለው ደግሞ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ በእሱ ክሪስታሉ ተኝቶ እዚያው በጠፍጣፋው ላይ ነው የሚዞረው፤ ከጎን ቢያዩትም መልኩን አይለውጥም። ጃፓኖች በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አውጥተውት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው እንደ እኔ ያለው ሰው ኪስ አጠገብ የደረሰው። የእኔ ባለጉዳዮች ከጎኔ ነው የሚቀመጡት፤ ለዓመታት ስማቸውን ለማየት አንገታቸውን በትከሻዬ ላይ ሲያሻግሩ ነበር። ጠረናቸውን ሁሉ አውቃለሁ፤ ማን ዛሬ አብሽ እንደ በላ፣ ማን ከአውቶቡስ እንደ ወረደ።

ስክሪኑ ደሴ ውስጥ አልተገኘም። መርካቶ ተደወለ፤ ተገኘ። ዋጋው የሱቄን የሁለት ወር ኪራይ ያህላል፤ ከፈልሁ። እንዴት ይምጣ? ነገሩ ውፍረቱ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ መስታወት ነው። ለሾፌር ረዳት ብንሰጠው ከጎመን ዘር ጆንያ ሥር እንደሚጥለው አያጠራጥርም። የአጎቴ ልጅ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዳ ስለነበር 400 ኪሎ ሜትሩን በጭኗ ላይ ይዛ መጣች። በሁለት ካርቶን መካከል አድርጋ፣ በነጠላ ጠቅልላ። በጣርማበር ዋሻ፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ አድርጋ፣ ሐረጎን ስትወጣ በየኩርባው ወደ ላይ እያነሣችው። አጠገቧ የነበሩ እናት «የሙሽራ ፎቶ ነው ወይ?» ብለው ጠየቋት። «አዎ» አለቻቸው፤ ለማስረዳት ደክሟት። ደሴ እስኪደርሱ ስለ ሙሽራዋ ሲጠይቋት መጡ፤ እሷም ስትመልስ መጣች። የሌለች ሙሽራ ሦስት ወንድሞችና አንድ ክፉ አማት አፍርታ መናኸሪያ ደረሰች።

ገጠመው። ባትሪው ገባ፣ ቁልፉ ተነካ። ከኋላ ያለው መብራት ፈዘዝ ብሎ በራ፤ ምስል ግን የለም። ጨለማ እንኳ አይደለም፤ ባዶ የሆነ ብርሃን ነው። ያንን ብርሃን ሳይ የሁለት ወር ኪራዬ ነው የታየኝ።

ጠጋኙ አልደነገጠም። ኬብሏን ነቅሎ መብራት ላይ አነሣት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከታት። ስክሪኑና ማዘርቦርዱ የሚነጋገሩበት ዘዴ ኢዲፒ ይባላል፤ መረጃው እንደ መንገድ በረድፍ በረድፍ ነው የሚያልፍበት። ሰኪው ባለ 30 እግር ነው፤ የድሮውም የአዲሱም ያው ነው፤ ስለዚህ ይገጥማል። ግን መግጠምና ማሳለፍ አንድ አይደሉም። ለ768ቱ ስክሪን አንድ ረድፍ ይበቃል። ለ1080ው ደግሞ በሰኮንድ 60 ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ መላክ ስላለበት ሁለት ረድፍ ያስፈልገዋል። የእኔን ላፕቶፕ የገጣጠመው ፋብሪካ ርካሹን ስክሪን ሲያስገባ ኬብሉ ውስጥ የሁለተኛውን ረድፍ ሽቦዎች ቆጥቧቸዋል። እግሮቹ አሉ፤ ሽቦው የለም። ሐረጎ ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ድልድይ ሠርቶ መንገዱን ለአንድ በሬ እንደ መጥረግ ያለ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ቁጠባ ያናድደኛል። የዳኑት ሽቦዎች ዋጋ ስንት ይሆን? አንድ ሲኒ ቡና ይገዛ ይሆን?

የድሮው ስክሪን ተመልሶ ገባ። ኬብል እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከተበላሸ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ተፈትቶ ነው የተገኘው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱን ገጽ በሁለት መቶ በመቶ አጉልቼ፣ ቁራጭ በቁራጭ አነብ ነበር። ሥራዬ በግማሽ ቀነሰ። ባለጉዳዮቼ «ምን ነካሽ?» ይላሉ። ሽማግሌው ነክተውኝ ነው፤ ምን ልበላቸው።

ኬብሉ በመጣ ቀን ስለተደረገው ብዙ የምለው የለም። ገባ፤ በራ።

መጀመሪያ የከፈትሁት የኩታበሩን ውል ነው። ሸ ባርኔጣዋን ደፍታ ቆማለች። ከዚያ ነጠላ ሰረዝን ከድርብ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝን ከአራት ነጥብ ለየሁ። የቧና የሟ ጅራት ታየኝ። ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገርም ነበር፤ ሁሉ ነገር አንሷል። ነጥቦቹ እጥፍ ሊሆኑ ትንሽ ሲቀራቸው ስክሪኑ ግን ያው 14 ኢንች ነው፤ በኢንች 112 የነበሩት ነጥቦች 157 ሆነዋል፤ ስለዚህ ፊደሎቹ የጉንዳን ሰልፍ መሰሉ። የእህቴ ልጅ ማሳያውን 125 በመቶ አድርግ ብሎ አዘዘው፤ መጠኑ ተመለሰ። እንደዚያ ሲሆን የሚገኘው ቦታ 1536 በ864 ስክሪን እንዳለኝ ያህል ነው አለኝ። ቦታው ብዙም አልሰፋም ማለት ነው፤ የሰፋው ጥራቱ ነው። ሙሉ ገጽ ሳይ ለአንድ ፊደል አሁን አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ነጥብ ይደርሰዋል። ከስምንት አሥራ ሁለት ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንዷ የሸ ሰረዝ ናት፤ ሌላዋ በሰረዟና በእግሮቹ መካከል ያለችው ነጭ ቦታ። እሷ ነጭ ቦታ ናት ዋናዋ። ባትሪው እንደ ድሮው አይቆይም፤ መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ይሰማኛል። እሱን ቻልሁት።

ያልጠበቅሁት ከጎኔ ነው የመጣው። ባለጉዳዮቼ አሁን ያያሉ። ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ሳያሻግሩ፣ እኔ ስጽፍ ያነባሉ። «እዚያ ጋ የአባቴ ስም በሐመሩ ሐ ነው»፣ «አይ፣ ቀበሌው እሱ አይደለም»፣ «እንደዚያ አላልሁም፤ ‹ደበደበኝ› በዪው፣ ‹ገፈተረኝ› አይበቃም»። አንዷ ሴትዮ ክሷን ሦስት ጊዜ አስቀየረችኝ፤ በየጊዜው ጎረቤቷ እየከፋ ሄደ። ሥራዬ ዘገየ፤ ተመልሶ የሚመጣ ወረቀት ግን አነሰ። ጠረናቸውም ራቀኝ፤ ይኼን እንደ ጉዳት ነው የምቆጥረው እንደ ጥቅም እስካሁን አልወሰንሁም።

ከዚያ ማድረግ ያልነበረብኝን አደረግሁ፤ የድሮ ፋይሎቼን መክፈት ጀመርሁ። ማታ ማታ፣ ሱቅ ዘግቼ። ብዙዎቹ ደኅና ነበሩ። አንዳንዶቹ ላይ «ተ» መሆን የሚገባው «ቸ»፣ «ነ» መሆን የሚገባው «ኘ» አለ፤ የሚያስቁ እንጂ የሚያስለቅሱ አይደሉም። አሥራ አምስት ቀን ያህል ከቆየሁ በኋላ የሰፈራችንን ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ መተዳደሪያ ደንብ ከፈትሁ። የተየብሁት በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በነጻ፣ ለነፍስ ብዬ። ከመካከለኞቹ አንቀጾች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሐዘን ለደረሰበት አባል ቅሬው ድንኳን፣ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ ይሸጣል።»

ይሸጣል!

ወዲያው ስክሪኑን ልወቅስ ነበር። የድሮው ስክሪን ካርቶኑ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ጣቴን ልቀስርበት ዞርሁ። ግን እኮ ይኼ ደንብ ታትሟል። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ጥቁር በነጭ። በየዓመቱ በስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ቄሱ አባል ናቸው፣ ሼሁ አባል ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ሳይቀሩ አባል ናቸው። ሁሉም ይዘውታል፤ ሁሉም አንብበውታል። አንባቢው «ይሰጣል» ብሎ አነበበ፤ ሰሚውም «ይሰጣል» ብሎ ሰማ። ቅሬ ድንኳን እንደማይሸጥ ሁሉም ስለሚያውቅ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ሰረዝ ማን አያት? እኔም በዚያ የውል ገጽ ላይ «የሸጠ» ብዬ ያነበብሁት ሰውየው ሻጭ መሆናቸውን ስለማውቅ ነበር። ስምንት ነጥብም ቢሆን፣ መቶ ነጥብም ቢሆን።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ደግመው የታወሱኝ። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቶሎ ማንበብ አልችልም» ብለው ይቅርታ ጠይቀውኝ ነበር። ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ በኩራዝ፣ ከእርሻ መልስ የተማሩ ናቸው። ፊደል በፊደል ነው የሚሄዱት። ቀጥሎ የሚመጣውን አይገምቱም፤ ያለውን ነው የሚያነቡት። እኔ ለመገመት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ሠልጥኛለሁ፤ በደቂቃ ስንት ቃል እንደምመታ የሚመሰክር የምስክር ወረቀት እንኳ ግድግዳዬ ላይ አለ። አወረድሁት ብል ውሸት ነው። ትንሽ ወደ ጥግ ገፋ አድርጌዋለሁ።

በወሩ መጀመሪያ እሑድ የቅሬው ስብሰባ ነበር። ነገሩን አስረዳሁ። መጀመሪያ ማንም አላመነም፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ ጣቱን አንቀጹ ላይ አኖረ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አስተማሪው ጉሮሯቸውን አጠሩና «የሚገርም ነው» አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። በነጻ እንደገና አትሜ ላመጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ሰብሳቢው ግን ማኅተም ያረፈበትን፣ አባላት የፈረሙበትን ደንብ መቀየር ጠቅላላ ጉባኤ፣ ምልዓተ ጉባኤ፣ ድምፅ እንደሚጠይቅ ዘረዘሩ። ክርክሩ ሊጀመር ሲል ጸሐፊው ዝም ብለው ተነሡ፤ ከቆርቆሮው ሣጥን ዋናውን ቅጂ አወጡ፤ ከደረት ኪሳቸው ምላጭ አወጡ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ዘንድ ብራና የሚፍቁ አያት እንደነበሯቸው ሁልጊዜ ይናገራሉ፤ እስከዚያች ቀን አላመንኋቸውም ነበር። ምላጩን አጋድመው የሸን ራስ ሰረዝ ሦስት ጊዜ በስሱ ዳሰሷት። በአፋቸው እፍ አሉ።

«ይኸው» አሉ፣ «ይሰጣል።»

ወረቀቱ እጅ በእጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ወደ መስኮቱ አነሣሁት፤ የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እንግዲህ» አለችኝ፣ «አባትሽ ሲያርፍ በራችን ላይ የተከሉትን ድንኳን ዋጋ አንጠየቅም ማለት ነው?»